አሮጌው የጨዋታ መሣሪያና አዲሱ የቤት ዋይፋይ



በዛሬው ዘመን ከብዙ ቤት ገብተው ከቴሌቪዥኑ ሥር ጐንበስ ብለው ቢመለከቱ፥ አንድ አሮጌ የጨዋታ መሣሪያ አቧራ ለብሶ ማግኘትዎ አያስደንቅም። አንዱን አሜሪካ ያለ አጐት ልኮታል፤ ሌላውን ባለቤቱ ከደመወዙ ቈጥቦ ከሰው እጅ ገዝቶታል። ባለቤቱም ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «እስቲ ይህነን ነገር ከቤቴ ዋይፋይ ጋራ ላገናኘው» ብሎ ይነሣል። የይለፍ ቃሉን አስተካክሎ ይጽፋል፤ መሣሪያው ግን አልገናኝም ይለዋል። ደግሞ ይጽፋል፤ ደግሞ እንቢ ይለዋል። በመጨረሻ ወይ «ይህ ዕቃ ተበላሽቷል» ብሎ ይፈርድበታል፤ ወይም ደግሞ፥ የባሰው ይህ ነው፥ የራውተሩን መቈለፊያ እያላላ እያላላ ሄዶ የቤቱን በር ለመንገደኛ ሁሉ ከፍቶ ይተወዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው ባብዛኛው ጊዜ አልተበላሸም፤ በራውተሩም ላይ ጥፋት የለበትም። ሁለቱ በተለያየ ዘመን ስለ ተሠሩ ቋንቋቸው አልገጠመም። ማስማማት ይቻላል፤ ዳሩ ግን ለማስማማት ሲባል ሊደረግ የማይገባው አንድ ነገር አለና ይህ ጽሑፍ ይልቁንም ስለ እርሱ የተጻፈ ነው። (ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ከዋይፋዩ በፊት ግን ስለ ኤሌክትሪኩ አንዲት ቃል ልናገር። ከአሜሪካ የመጣ መሣሪያ ከሆነ፥ በግድግዳው ሶኬት ላይ ከመሰካትዎ አስቀድሞ የኤሌክትሪክ ማቀበያውን ገልብጠው ጽሑፉን ያንብቡ። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ ሥጋት የለም። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ግን የአገራችን 220 ቮልት ባንድ አፍታ ያቃጥለዋል፤ ኃይሉን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ወይም ለ220 ቮልት የተሠራ ማቀበያ ያስፈልግዎታል። የተቃጠለ መሣሪያ ከየትኛውም ዋይፋይ ጋራ አይገናኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። መጀመሪያ በእጅዎ ያለው መሣሪያ የትኛው እንደ ሆነ ይወቁ፤ ሁሉም ዋይፋይ ያለው አይደለምና። በ2000 የወጣውና ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው ፕሌይስቴሽን 2 ዋይፋይ የለውም። የመጀመሪያው ወፍራሙ ሞዴል ገመድ ለመቀበል እንኳ ከኋላው የሚገጠም ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ያሻው ነበር፤ በ2004 የወጣው ቀጭኑ ግን የገመድ መሰኪያውን ይዞ ተወለደ። በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስም እንዲሁ ባለ ገመድ ነው። በ2005 የወጣው ኤክስቦክስ 360 ደግሞ ዋይፋይ እንዲኖረው ከፈለጉ ለብቻው የሚሸጥ መቀበያ ከጀርባው ይሰካለት ነበር፤ ዋይፋዩ በውስጡ የገባው በ2010 በወጣው አነስተኛ ሞዴል ነው። በ2006 የወጡት የኒንቴንዶ ዊ እና የሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 (ከባለ 20 ጊጋባይቱ በቀር) ዋይፋይ አላቸው። በኪስ የሚያዘው ኒንቴንዶ ዲ ኤስ በ2004 ሲወጣ ዋይፋይ ነበረው፤ ግን የዛሬው ነገራችን ሁሉ የሚከብደው በእርሱ ላይ ነው።

ዋይፋይ ካላቸው እንጀምር። እርስዎ ሬድዮ የሚያውቁ ሰው ነዎት። መካከለኛ ሞገድ ብቻ የሚቀበል ሬድዮ፥ ጣቢያው በአጭር ሞገድ የቱን ያህል ቢጮህ አይሰማውም። የዛሬው ራውተር በሁለት ሞገድ ይናገራል፤ አንደኛው 2.4 ጊጋኸርዝ፥ ሁለተኛው 5 ጊጋኸርዝ ይባላል። ዊውም፥ ፕሌይስቴሽን 3ቱም፥ ዲ ኤሱም የሚሰሙት 2.4ን ብቻ ነው። ስለዚህ መሣሪያው የቤትዎን ዋይፋይ ስም ከነጭራሹ ካላሳየዎ፥ ወደ ራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ይግቡና 2.4 ጊጋኸርዙ የተከፈተ መሆኑን ይመልከቱ። ብዙ ራውተሮች ሁለቱን ሞገዶች ባንድ ስም ጠቅልለው ይጠሩአቸዋል፤ አሮጌው መሣሪያ በዚህ ግራ ሲጋባ ከታየ፥ ለ2.4ቱ የራሱን ስም ያውጡለት። የሞገዱን ቍጥር ራውተሩ በራሱ 12 ወይም 13 ላይ አድርጎት እንደ ሆነም ወደ 1 ወይም ወደ 11 ይመልሱት፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መሣሪያዎች ከ11 በላይ ያለውን አይሰሙምና። እንደዚሁም ራውተሩ አዲሱን አነጋገር ብቻ እንዲጠቀም ታዞ ከሆነ፥ የቀድሞዎቹን ቢ እና ጂ የሚባሉትንም እንዲጨምር ይዘዙት።

እግረ መንገዴን፦ በዚህ በ2.4 ሞገድ ላይ የምግብ ማሞቂያው ማይክሮዌቭም ይረብሻል። ጨዋታው እራት በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ የሚቋረጥብዎ ከሆነ፥ ወደ ራውተሩ ሳይሆን ወደ ወጥ ቤቱ ይመልከቱ።

ዊን በምሳሌነት እንውሰድ። ሲከፈት በስተግራ በታች ካለችው ክብ ምልክት ይገባሉ፤ ከማስተካከያው ሁለተኛ ገጽ ላይ «ኢንተርኔት» የሚለውን፥ ቀጥሎም ከሦስቱ የግንኙነት ሥፍራዎች የመጀመሪያውን ይመርጣሉ፤ ያለ ገመድ የሚለውን መርጠው «ፈልግ» ይሉታል። የዋይፋዮቹን ስም ደርድሮ ያሳይዎታል፤ የእርስዎን ነክተው የይለፍ ቃልዎን ይጽፋሉ፤ ከዚያም ይሞክረዋል። 51330 የሚል ቍጥር ካወጣ ጠቡ ከራውተሩ ጋራ ነው፤ ይኸውም ወይ የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል፥ ወይም የመቈለፊያው ዓይነት አልገጠመም ማለት ነው። የይለፍ ቃሉን ነገር ሲመረምሩ ትንሹንና ትልቁን የእንግሊዝኛ ፊደል ይለዩ። አንዳንድ ወጣቶች የቤታቸውን ዋይፋይ በገዛ ፊደላችን ይሰይሙታል፤ ነገሩ ያስደስተኛል፤ አሮጌዎቹ መሣሪያዎች ግን የእኛን ፊደል አያውቁም፤ በመጻፊያቸው ሰሌዳም ላይ የለም። ለእነርሱ ሲሉ በላቲን ፊደልና በቍጥር የተጻፈ ስም ይስጡት።

እንግዲህ ወደ መቈለፊያው ደረስን።

ዋይፋይ በአየር ላይ የሚሄድ ነገር ስለ ሆነ፥ የጐረቤትዎም ግድግዳ የመንገዱም አጥር አያግደውም። ስለዚህ ከመነሻው ቃሉን በምስጢር ጽሕፈት መሸፈን አስፈለገ። የመጀመሪያው መሸፈኛ ዌፕ ይባል ነበር፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተሠራበት። በ2001 ሦስት የምስጢር ጽሕፈት ሊቃውንት ደካማነቱን በጽሑፍ ገለጡ። በ2003 ደብሊው ፒ ኤ የሚባል ጊዜያዊ መተኪያ ወጣ፤ በ2004 ደብሊው ፒ ኤ 2 የሚባለው ብርቱው ተከተለ። በ2007 በጀርመን አገር በዳርምሽታት ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች የዌፕን ቍልፍ ከስልሳ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ፈልቅቀው ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ስልሳ ሰከንድ! አንድ ሰው የቤቱን በር በቍልፍ ለመክፈት ኪሱን ሲዳብስ ከሚፈጅበት ጊዜ ብዙ አይበልጥም። በ2018 ደግሞ ደብሊው ፒ ኤ 3 የተባለው መጣ፤ አዲሶቹ ራውተሮች የሚወዱት እርሱን ነው።

ዊ፥ ፕሌይስቴሽን 3 እና ኤክስቦክስ 360 ደብሊው ፒ ኤ 2ን ያውቃሉ፤ 3ኛውን ግን አያውቁም። ራውተርዎ በሦስተኛው ብቻ ተቈልፎ ከሆነ፥ ሁለቱን ባንድነት እንዲቀበል ያድርጉት፤ ይህም ካላስማማቸው ወደ ሁለተኛው ብቻ ይመልሱት። ጥሩ ረዥም የይለፍ ቃል እስካለው ድረስ ደብሊው ፒ ኤ 2 ለቤት የሚበቃ መቈለፊያ ነውና በዚህ አይሥጉ።

ኒንቴንዶ ዲ ኤስ ግን ከዌፕ በቀር ሌላ መቈለፊያ አያውቅም። ወይ ዌፕ፥ ወይ ጭራሽ ያልተቈለፈ በር፤ ሦስተኛ ነገር የለም። በ2008 የወጣው ተከታዩ ዲ ኤስ አይ የተሻለውን መቈለፊያ ቢማርም፥ የቀድሞው የዲ ኤስ ጨዋታ በውስጡ ሲገባ ያው የዌፕን ቋንቋ ብቻ ይናገራል። ብዙ ሰው የሚስተውም ከዚህ ላይ ነው። አንዱ ወዳጁ «ራውተሩን ወደ ዌፕ መልሰው፤ ወዲያው ይሠራል» ብሎ ይመክረዋል። ምክሩ ሐሰት አይደለም፤ በእርግጥም ይሠራል። ነገር ግን ለአንድ መጫወቻ ሲባል የቤቱ ሁሉ መቈለፊያ ወደ 1990ዎቹ ተመለሰ ማለት ነው፤ የእርስዎ ስልክ፥ የእኅትዎ ኮምፒዩተር፥ ከመሥሪያ ቤት ይዘውት የመጡት ፋይል ሁሉ በዚያው በር ሥር ያድራል።

«ማን ከእኔ ቤት ምን ሊወስድ?» ይሉ ይሆናል። ዌፕን ማመን ምን እንዳስከተለ አንድ ነገር ልንገርዎ። ቲ ጄ ኤክስ የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ የሱቆች ኩባንያ በሱቆቹ ያለውን ዋይፋይ በዌፕ ቈልፎ ይሠራ ነበር። ከ2005 ጀምሮ ሌቦች በዚያ በኩል ገብተው ወደ ኩባንያው ዋና መዝገብ ዘለቁ፤ ኩባንያው ነገሩን ለሕዝብ የገለጠው በጃንዩዌሪ 2007 ሲሆን፥ የተሰረቀው የባንክ ካርድ ቍጥር ከ45 ሚሊዮን በላይ ነበር። የሌቦቹ አለቃ በ2010 ሃያ ዓመት ተፈረደበት፤ የተሰረቀው ግን ተሰርቋል። እርግጥ ነው፥ የእርስዎ ቤት የአሜሪካ ሱቅ አይደለም። የዛሬዎቹ የባንክ ገጾችም የራሳቸው መሸፈኛ ስላላቸው፥ ዋይፋይዎን የሰበረ ሁሉ ገንዘብዎን ወሰደ ማለት አይደለም። ሆኖም በውስጥ የገባ ሰው ራውተሩን ራሱን ሊነካካ፥ ለቤተ ሰብ የተከፈቱ ፋይሎችን ሊያይ ይችላል፤ በእርስዎ መስመር ገብቶ የሠራውም ክፉ ሥራ ቢመረመር፥ መስመሩ የተመዘገበው በእርስዎ ስም ነው። ለወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ዲ ኤስ ያለው ሰው ምን ያድርግ? አንዱ መንገድ የእንግዳ ዋይፋይ ነው። ብዙ ራውተሮች ከዋናው የተለየ፥ የቤቱን ኮምፒዩተሮች የማያሳይ ሁለተኛ ስም ይከፍታሉ። እርሱን ብቻ ለጨዋታው ሰዓት ያለ ቍልፍ ይክፈቱት፤ ጨዋታው ሲያልቅ ይዝጉት። መዝጋቱን እንዳይረሱ እንጂ፤ ተከፍቶ ያደረ የእንግዳ በር መስመርዎን ለማንም ያውላል። ሌላው መንገድ የእጅ ስልክዎን ሆትስፖት መጠቀም ነው፤ በማስተካከያው ላይ 2.4 ጊጋኸርዙን ይመርጣሉ፤ ለዲ ኤስ ሲሆንም ለጥቂት ጊዜ ያለ ይለፍ ቃል ይከፍቱታል። ለዊና ለፕሌይስቴሽን 3 ሲሆን ግን ቍልፉን መክፈት ከቶ አያስፈልግም። የስልኩ ሆትስፖት አንድ ጥቅም አለው፤ በኪስዎ ስለ ሆነ ማን እንደ ገባ ወዲያው ያዩታል። ጉዳቱም የታወቀ ነው፤ ጥቅልዎን ይበላል። ሳልደብቅ ልናገር፥ አንዳንድ አዲስ ስልክና ራውተር የዲ ኤስን ዝግተኛ አነጋገር፥ በሰከንድ ከሁለት ሜጋቢት የማያልፈውን፥ ጨርሶ ስለ ተዉት፥ በሩ ተከፍቶም የማይሰማሙበት ጊዜ አለ።

ገመድ ለሚቀበሉት፥ ይኸውም ለፕሌይስቴሽን 2፥ ለመጀመሪያው ኤክስቦክስና ለ360ው፥ ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፍ ዘዴ አለ፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የምወደው እርሱን ነው። ከራውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ገመድ መዘርጋት ከተቻለ ነገሩ አለቀ። ካልተቻለ፥ የገመድ መሰኪያ ያለውን የዋይፋይ ማራዘሚያ ወይም አሁን የማይጠቀሙበትን አሮጌ ራውተር ይፈልጉ። አሮጌው ራውተር ዋይፋይ ማሰራጨቱን ትቶ ተቀባይ እንዲሆን የሚታዘዝ ዓይነት መሆን አለበት፤ ሁሉም አይታዘዙም። ይህነን ዕቃ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር አስተካክለው ከቤቱ ዋይፋይ ጋራ ያገናኙታል፤ ከዚያም ባጭር ገመድ ከጨዋታው መሣሪያ ጋራ ያያይዙታል። መሣሪያው በገመድ የተገናኘ መስሎት ይቀመጣል። የመቈለፊያውን ነገር የሚጨርሰው በመካከል ያለው ዕቃ ስለ ሆነ፥ የቤትዎ ዋይፋይ በአዲሱ በደብሊው ፒ ኤ 3 ቢቈለፍ እንኳ ሽማግሌው መሣሪያ አያውቀውም፤ ማወቅም የለበትም። በ2005 ማይክሮሶፍት ለ360ው የሚሸጠው መቀበያ መቶ ዶላር ይጠጋ ነበር፤ ዛሬ ይህነኑ ሥራ በሣጥን የተጣለ ራውተር ይሠራዋል።

ፕሌይስቴሽን 2 ያለው ሰው አንድ ነገር ይወቅ። በዚህ መሣሪያ የኢንተርኔት ማስተካከያ በዋናው ገጽ ላይ ስለማይገኝ ብዙዎች ፈልገው ያጡታል። ማስተካከያው የሚመጣው በኢንተርኔት እንዲሠራ ሆኖ በተዘጋጀው የጨዋታ ዲስክ ውስጥ ነው፤ የሚቀመጠውም በሚሞሪ ካርዱ ላይ ነው። ካርዱ ከሌለ ወይም ከሞላ ሁሉም ከንቱ ነው።

አሁን ደግሞ ከድካሙ ሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ቀርቷል። ተገናኝቶስ ከማን ጋራ ይነጋገራል? ስልኩን አንሥተው ቢደውሉ በወዲያኛው ጫፍ ሰው አለን?

የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ይገናኝበት የነበረው አገልግሎት በኖቬምበር 2002 ተከፍቶ በኤፕሪል 15 ቀን 2010 ለዚያ መሣሪያ ተዘጋ። የኒንቴንዶ የዊና የዲ ኤስ አገልግሎት በሜይ 20 ቀን 2014 ተዘጋ፤ የዊ የጨዋታ ሱቅ በጃንዩዌሪ 30 ቀን 2019፥ የኤክስቦክስ 360 ሱቅ ደግሞ በጁላይ 29 ቀን 2024 ተዘጉ። በዊ የኢንተርኔት ገጽ ለማንበብ የሚያስብ ካለም ሐሳቡን ይተው፤ የዛሬዎቹ ገጾች የሚጠይቁትን አዲስ መሸፈኛ ስለማያውቅ አብዛኞቹ አይከፈቱለትም።

የኤክስቦክሱ መዘጋት አንድ ነገር አለው፤ ሳልጠቅሰው አላልፍም። ሄሎ 2 የሚባለውን ጨዋታ ይወዱ የነበሩ ጥቂት ሰዎች አገልግሎቱ በተዘጋ ዕለት አንድ ነገር ተገነዘቡ፤ አዲስ ሰው መግባት አይችልም እንጂ፥ አስቀድሞ የገባውን ማንም አላስወጣውም። ስለዚህ መሣሪያቸውን ሳያጠፉ ተቀመጡ። ቀን ከሌት እንደ በራ ቈየ። የአንዱ መሣሪያ ግሎ ቆመ፤ የሌላው የኢንተርኔት መስመር ለአንድ አፍታ ተቋረጠ፤ የወጣም ተመልሶ መግባት አይችልም ነበር። ዐሥራ አራት ሰዎች ቀሩ፤ ከእነርሱም አንድ አንድ እያሉ ወጥተው የመጨረሻው በሜይ 2010 ተቋረጠ። ሞኝነት የሚለው ይኖራል፤ እኔ ግን አልፈርድባቸውም። መብራት ሲጠፋ ወሬውን ሳይጨርስ በጨለማ የሚቀመጥ ሰው ሁላችንም እናውቃለን።

ባለቤቶቹ የተዉትን ቤት ፈቃደኞች መልሰው ያቆሙበት ጊዜም አለ። ዊምፊ የሚባለው ከ2014 ጀምሮ ለዊና ለዲ ኤስ፥ ኢንሲግኒያ የሚባለው ደግሞ ለመጀመሪያው ኤክስቦክስ የተዘጋውን አገልግሎት የሚተካ መገናኛ ያለ ክፍያ ሠርተዋል። በእነዚህ ለመግባት መሣሪያው ላይ አንዳንድ ነገር መለወጥ ያሻል፤ ለዲ ኤስ ዲ ኤን ኤስ የሚባለውን የአድራሻ ቍጥር መለወጥ ሲበቃ፥ ለሌሎቹ ግን ከዚያ የበዛ ሥራ አለው። እነዚህ የፈቃደኞች ሥራ እንጂ የኩባንያዎቹ ዋስትና ያለባቸው አይደሉም፤ ከመድከምዎ በፊት የሚወዱት ጨዋታ በዝርዝራቸው ውስጥ መኖሩን ይመልከቱ።

ይሁን እንጂ የቤት መረብ ያለ ኢንተርኔትም ጥቅም አለው፤ ይህነን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ሄሎ አራት ኤክስቦክሶችን በገመድ አገናኝቶ ዐሥራ ስድስት ሰው ባንድ ጊዜ ያጫውታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከጀርባው አራት መሰኪያ ያለው ተራ ራውተርና አራት ገመድ ነው፤ የወር ክፍያ የለበትም፥ የተዘጋ አገልግሎትም አያግደውም፥ የሚሰበርም የይለፍ ቃል የለም። ዲ ኤሱም ቢሆን አጠገብ ለአጠገብ ሲሆን ራውተር አይፈልግም፤ ባንድ የማሪዮ ካርት ካርድ ብቻ ስምንት ሰው ድረስ ይጫወታል፤ የቀሩት ሰባቱ ጨዋታውን ከባለ ካርዱ በአየር ይቀበላሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሆነው የሚኖሩ ተማሪዎች ካሉ፥ ከዋይፋዩ ጋራ ከመታገላቸው አስቀድመው ይህነን ይሞክሩ። ከሁለት ኤክስቦክስ በላይ ካልሆነም ራውተሩ እንኳ አያስፈልግም፤ ክሮስኦቨር የሚባለው ዓይነት አንድ ገመድ ሁለቱን ፊት ለፊት ያገናኛቸዋል። ሱቅ ሲገቡ በስሙ ይጠይቁ፤ ከተራው ገመድ ጋራ መልኩ አንድ ስለ ሆነ ሻጩም ራሱ ያቀያይረዋል።